ወገብ ያለው ኮት

ልብስ ሰፊዋን በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ደንበኛ ፊቷ በቆመ ቁጥር «ወገብሽን አታጥፊ፤ ወገብሽን ልቀቂ፤ የታለ ወገብሽ?» ስትል ስለምትውል ሰፈሩ ወገቤ አላት፤ ወገቤ ሆና ቀረች። ለባሏም ስም ያወጣለት የገዛ አፉ ነው። የወንዶቹን ልክ ሲወስድ «ቀጥ በል!» ይላል። ሽማግሌም ይሁን፣ ጀርባው የጎበጠም ይሁን፣ «ቀጥ በል!» በዚሁ ቀጥበል ተባለ።

ሱቃቸው አንድ ሆኖ መሐሉ በመጋረጃ ተከፍሏል። በስተግራ እሷ የሴት ትሰፋለች፤ በስተቀኝ እሱ የወንድ ይሰፋል። ሁለት የስፌት መኪና፣ ሁለት ትልልቅ መቀስ፣ አንድ ካውያ አላቸው። በካውያው ይጣላሉ፣ በካውያው ይታረቃሉ። በጎዳናው ዳርና ዳር ባሏን ጨምሮ አስራ አንድ ወንድ ሰፊዎች ተደርድረው ይውላሉ፤ ሴት እሷ ብቻ ናት። «መጋረጃሽን ዝጊ» ይሏታል ሲያልፉ፤ ትዘጋለች። እንዲህ እየተባባሉ ሃያ ዓመት ኖሩ።

የመጋረጃውን ሕግ የሻረው ፀጉር ቆራጩ ነው። ሃያ አራት ዓመት የሞላው፣ ቀጭን፣ ጥርሱ የማይከደን ልጅ ነው። አንድ ቀን ኮት ሊያሰፋ ወደ ቀጥበል መጣና እየተለካ ሳለ ዓይኑ በመጋረጃው ክፍተት ሾለከ። ወገቤ ለአንዲት የባንክ ሠራተኛ የሰፋችው ኮት ማዶ ተሰቅሏል። ትከሻው ለስለስ ያለ፣ ወገቡ ገባ ያለ፣ ታቹ እንደ ደወል ከፈት ያለ ነው። ልጁ ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ መጋረጃውን ገለጠ።

«እትዬ፣ ይቺን ለእኔ ብትሰፊልኝስ?»

«የሴት እኮ ነው፣ የእኔ ጌታ።»

«ኮቱ የሴት ከሆነ ይሄ ወገብ የማን ነው?» አለ፣ ሁለት እጁን ጎኑ ላይ አድርጎ። «እኔም ወገብ አለኝ። ጋሼ የሚሰፋው ኮት ውስጥ ግን ይጠፋብኛል፤ ቁም ሳጥን ተሸክሜ የምሄድ ነው የምመስለው።»

ወገቤ ሳቀች። ቀጥበል አልሳቀም። ቢሆንም ጨርቁ የደንበኛው ነው፣ ገላውም የደንበኛው ነው። ሰፋችለት። የትከሻውን ሙሊት ቀነሰችው። ሰፊዎች ፔንስ የሚሏትን፣ ጨርቁን ቆንጥራ ወደ ገላ የምታስጠጋዋን ስፌት፣ ከፊት ሁለት ከኋላ ሁለት አድርጋ አወረደችለት። ገበሩን አበባ ያለው አደረገችው። ቁልፉን ብቻ በወንድ በኩል ተወችው። ልጁ መስታወቱ ፊት ዞረና ደጋግሞ ዞረ። «እትዬ፣ እስከ ዛሬ ራቁቴን ነበር ለካ» አለ።

ከዚያማ ማን ያቁመው! ስልክ ጠጋኙ መጣ፣ ፎቶ አንሺው መጣ፣ ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ መጣ። አንዱ እንደ ቀሚስ የሚዘናፈል ሰፊ ሱሪ ይላል፤ ሌላው የሐር ኮሌታ፤ ሌላው የእህቱን ሸሚዝ ይዞ «ልክ እንደዚህ» ይላል። ከመጋረጃው በስተግራ ወንበር ጠፋ። በስተቀኝ ቀጥበል መቀሱን እየሳለ ይውል ጀመር።

ጎረቤቶቹ ሰፊዎች ደግሞ ዕድሜ ለእነሱ! በሰው ቁስል እንጨት መስደድ የሚያውቁ ናቸው።

«ቀጥበል፣ ወንዱ ሁሉ ወደ ግራ ዞረብህ እኮ!»

«ተወው፤ ሚስቱ ለእሱም ወገብ ታወጣለታለች።»

«መጋረጃውን ፈትተህ ቀሚስ አሰፋበት፣ በነካ እጇ!»

ቀጥበል ከአንገቱ በላይ ይስቃል። ከአንገቱ በታች ያለውን የሚያውቅ አልነበረም፤ ወይም የሚያውቅ አልጠየቀም። ሁለት ጣት የማትሞላ ስፌት የምታፈርሰው ወንድነት ቀድሞስ በምን ምሰሶ ነው የቆመው? ይህን የጠየቀ ከአስራ አንዱ አንድም የለም። መሳቅ ይቀላል።

ሐሙስ ቀን በምሳ ሰዓት ፀጉር ቆራጩ ሁለተኛ ፎቅ ወዳለው ሱቁ በደረጃ ይወጣ ነበር። ያን ኮት ለብሷል። ፊቱን በሻሽ የጠቀለለ ሰው ከኋላው መጥቶ በብረት ቧንቧ ማጅራቱን መታው። ልጁ ደረጃው ላይ ተደፋ። ጉልበቱን ደገመው፤ አጥንቱ ሲሰበር እንደ ደረቅ ማገዶ ጮኸ። ከዚያ ገልብጦ በምላጭ ከጆሮው ሥር እስከ ከንፈሩ ጥግ ፊቱን ሸረከተው፤ ምላጩ ዓይኑን ለጥቂት ሳተው። ጩኸቱን ሕንፃው ሙሉ ሰምቷል። የወጣ ግን የለም። በኋላ ሁሉም «አልሰማንም» አሉ። አለመስማትና ሰምቶ አለመውጣት አንድ አይደሉም፤ ያ ሕንፃ ግን አንድ አደረጋቸው።

ሲያገኙት ኮቱ ወልቆ ከላዩ ላይ ተጥሎበት ነበር።

ፖሊስ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሰው ያዘ። በዋዜማው አንድ የሰፈሩ ዕቃ ተሸካሚ መንገድ ላይ ልጁን «ሙሽሪት! ቀሚስሽ እንዳያደናቅፍሽ!» ብሎ የሙዝ ልጣጭ ወርውሮበታል፤ ያላየ አልነበረም። በቃ፣ እሱ ነው ተባለ። ጣቢያ ወስደው አንጠልጥለው ገረፉት። በመጀመሪያው ቀን «እኔ አይደለሁም» አለ። በሁለተኛው ቀን «እኔ ነኝ» አለ። በሁለተኛው ቀን ማንም እኔ ነኝ ይላል።

ሰኞ ዕለት የፀጉር ቆራጩ እህት ኮቱን በፌስታል ይዛ ወደ ወገቤ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«ፖሊሶቹ ጨርቅ ምን ይናገራል ብለው ተዉት። ጠግኚልኝ እትዬ። ሲነቃ አጥቶት እንዳያዝን።»

ልጅቷ ስትሄድ ወገቤ ኮቱን ዘረጋችው። ደሙ ደርቆ ኮሌታውን አክርሮታል። ተቀዷል ብላ የጠበቀችውን ቦታ በጣቷ ፈለገች። የተቀደደ የለም። አራቱም ፔንሶች ተፈትተዋል። ክሩ በየሦስት ስፌቱ በምላጭ ተነክቶ፣ ከታች ወደ ላይ በአንድ ጊዜ ተስቦ ወጥቷል። ብብቱ ሥር ሁለት ሁለት ስፌት ሳይነካ ቀርቷል፤ ጨርቁ እንዳይንሻፈፍ። አበባው ገበር አንድ ጭረት አላገኘውም። ወገቡ የነበረው ኮት ቀጥ ብሏል።

መቀመጫዋን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች።

ልጁ ደረጃው ላይ ደሙ እየፈሰሰ፣ ያ ሰውዬ አጠገቡ ተንበርክኮ ኮቱን አስተካክሏል። ወንበዴ ኮት ይቀዳል፣ ይረግጣል፣ ያቃጥላል። የሰውን ፊት በአግድም ቀዶ ጨርቁን ግን በስፌቱ የሚፈታ ሰፊ ብቻ ነው። እጁ እምቢ ይለዋል፤ ደህና ጨርቅ ማበላሸት አልለመደማ! ከታች ወደ ላይ የሚፈታ፣ ሁለት ስፌት የሚያስቀር ደግሞ በጎዳናው አንድ ግራኝ ሰው ነው። በዚያ ሐሙስ በምሳ ሰዓት «የኮት ቁልፍ ልገዛ» ብሎ ወጥቶ ነበር። ቁልፍ ይዞ ነው የተመለሰው። «ደህና ቁልፍ አገኘህ» ብላዋለች።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ሚስቱን አልደፈረም፤ ጎረቤቶቹን አልደፈረም፤ ስልሳ ኪሎ የማይሞላ ልጅ ከኋላው መታ።

ሁለት ቀን ዝም አለች። ይህ አይሸፈንላትም። ኮቱን ከጨርቅ ክምር ሥር ከትታ ሁለት ቀን ከዚያ ሰው ጋር ከአንድ ሳህን በላች። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል አለች፤ እንዳልተሳሳተች እያወቀች። ሃያ ዓመት ነው አለች። ሰው ለፍርሃቱ ስም ሲያወጣለት ሃያ ዓመት ይለዋል።

ረቡዕ ጠዋት የተሸካሚው ሚስት አንዲት ሸሚዝ ይዛ መጣች።

«እትዬ፣ እጅጌዋን እስከ ብብቷ ክፈቺልኝ። ክንዱ አብጦ አልገባ አለው።»

«ምን ያህል ልክፈተው?» አለች ወገቤ።

ሴትየዋ የራሷን ጭን በሁለት እጇ አቅፋ አሳየቻት። «ይሄን ያህል።»

ወገቤ እጅጌውን ከፈተች። ሴትየዋን ሸኘች። ተመልሳ ኮቱን ከክምሩ ሥር መዘዘች፣ መጋረጃውን እስከ ጥግ ሰበሰበችና ቀጥበል የሚተኩስበት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው።

«ይህን ማን ፈታው?»

ካውያውን ከእጁ አላስቀመጠም። «ሲታገሉ ተቀዶ ነዋ።»

«ሲታገሉ የተቀደደ ክር በየሦስቱ ይቆረጣል? ብብት ሥር ሁለት ስፌት ይተርፋል? የልጁን ፊት እንደ አሮጌ ጆንያ ቀደህ ገበሩን አልነካኸውም። ለገበሩ አዘንክ?»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

«አልቀንስም! ሰው እየተገረፈ ነው፣ አንተ ሰውዬ!»

«ማን ያምንሻል? ክር መሰከረ ልትያቸው ነው?» ሳቀ፤ ከአንገቱ በላይ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «እኔ ባልሽ ነኝ።»

«ያኛውስ የማን ባል ነው?»

የእጅ አንጓዋን ያዛት። ክንዷን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ ካውያውን አሳረፈባት። የተቃጠለ ቆዳ ሽታ ከተቃጠለ ሱፍ ሽታ ጋር ተደባለቀ። አልጮኸችም፤ ትንፋሿ ነው የጮኸው። በነጻ እጇ ስትዳብስ ትልቁን መቀስ አገኘች፤ በእጀታው ግንባሩን አለችው። በስለቱ አልነበረም። ለስለቱ ቅርብ ነበረች። ደሙ ቅንድቡን አልፎ ዓይኑን ሲሸፍነው ለቀቃት። ኮቱን ጠቅልላ ወጣች።

አስሩ ሰፊዎች በየበራቸው ቆመዋል። «የባልና የሚስት ነገር ነው» አለ አንዱ ለሌላው። ወገቤ ኮቱን ገልብጣ፣ የተፈታውን ስፌት ወደ እነሱ አድርጋ ከፍ አድርጋ ያዘች።

«እዩ! እናንተ ታነቡታላችሁ!»

አዩ። ለሰፊ ማስረዳት አያስፈልግም። ዓይናቸው ከታች ወደ ላይ ወጣ፣ ብብቱ ሥር ቆመ። ከዚያ አንዱ መርፌ ፈለገ፣ አንዱ አቧራ አራገፈ።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» አለ ጥግ ላይ ያለው።

«ዝንብ የሚበዛው የሞተ ነገር ላይ ነው!» አለችውና ሄደች።

ፖሊስ ጣቢያ ያገኘችው መርማሪ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ጠረጴዛው ላይ ኮቱን በእስክሪብቶ ጫፍ ገለጥ ገለጥ አደረገ።

«እና ይሄ ክር ነው ምስክርሽ?»

«አዎ ጌታዬ። አስራ አንዱንም ሰፊዎች ጠርተው አሮጌ ኮት ይስጧቸው። የጎን ስፌቱን ፍቱ ይበሏቸው። እጃቸው ይናገራል።»

«ሴትዮ፣ ሰውየው አምኗል። ደግሞስ ለዚያ ለሴታ ሴት...» ቃሉን አልጨረሰውም፤ የምታየው ደረቱን ነበር።

«ይህችን ሸሚዝ ማን አጠበባት?» አለችው።

«ምን?»

«የደንብ ልብስ ሲሰጥ እንደ ጆንያ ነው፤ አውቀዋለሁ። ከጀርባዎ ሁለት ፔንስ ወርዷል፣ ጎኑም ገብቷል። የሴት ሰፊ እጅ ነው፤ ጎበዝ ናት። ያምርብዎታል።»

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ሳቁን አፍኖ ዞረ። መርማሪው የሸሚዙን ጎን ዳሰሰ፤ ፊቱ ቀላ። ከዚያ ዓይኑ ክንዷ ላይ ወደቀ። የካውያው ጫፍ ቅርጽ ቀይ ሆኖ፣ ውሃ ቋጥሮ ተነፍቷል።

«ይሄንን ማን አደረገሽ?»

«ከኮቱ ጋር አንድ እጅ ነው» አለች።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው ከልባሽ ነጋዴ አስራ አንድ አሮጌ ኮት አስመጥቶ ጎዳናው ላይ ጠረጴዛ አሰለፈ። ሰው ተሰበሰበ። ለአስራ አንዱ ሰፊዎች ግማሽ ግማሽ ምላጭ ታደለ። ቀጥበል ግንባሩን በፋሻ አስሮ ዘጠነኛው ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። ከአጠገቡ አባባ አሉ፤ ቀጥበልን ጨምሮ ግማሹን ጎዳና ያስተማሩ ሽማግሌ ናቸው።

«የጎን ስፌቱን ክፈቱ» አለ መርማሪው።

አስሩ ሰፊዎች ኮቱን ገለበጡ፣ ስፌቱን በጥፍራቸው ፈለጉ፣ ክሩን መንካት ጀመሩ። ከላይ ወደ ታች የሄደ አለ፤ በየሁለቱ የቆረጠ አለ፤ አባባ መነጽራቸውን አድርገው በየአንዱ ቆረጡ። ቀጥበል ቆመ። ምን እንደሚታይበት ሚስቱ ነግራዋለች። ከታች ቢጀምር ተያዘ፤ ሁለት ስፌት ቢያስቀር ተያዘ። ምላጩን ወደ ቀኝ እጁ አዛወረ። ኮቱን በግራው ጨብጦ፣ ጎኑ ላይ ሰክቶ፣ በአግድም ጭርርር አድርጎ እስከ ጀርባው ቀደደው።

የጎዳናው የምላጭ ድምፅ ሁሉ ቆመ።

አባባ ቀና አሉ። የተቀደደውን ሱፍ አዩ፣ ሰውየውን አዩ።

«ምነው ልጄ?» አሉት። «ሃያ ዓመት አብሬህ ሠራሁ፤ ጨርቅ ስትቀድ አይቼህ አላውቅም። ምን ልትደብቅ ነው?»

መርማሪው አልገባውም ነበር፤ አሁን ገባው። የተሰበሰበው ሕዝብም እየዘገየ ገባው። ቀጥበል ወደ ግራ ወደ ቀኝ አየ።

«ልገድለው አልነበረም!» አለ። «ኮቱን ነው ያስተካከልኩት! አንድ ሰው ሊያስተካክለው ይገባ ነበር! እናንተ አይደላችሁ የሳቃችሁብኝ?»

አስሩም ወደ ጠረጴዛቸው አጎነበሱ። ያኔ ወደ ወገቤ ሮጠ፤ ምላጩ በእጁ ነው። ፊቷን ሲል እጇን ጣልቃ አስገባች፤ መዳፏ ከአውራ ጣቷ ሥር እስከ ትንሿ ጣቷ ተከፈተ። ፖሊሱ እግሩን ጠልፎ ጣለው።

ከዚያ የሆነው ያሳፍራል። ዘጠኙ ሰፊዎች፣ ጠዋት መርፌ ሲፈልጉ የነበሩት፣ ወደቁበት። አንዱ በእንጨት ሜትር፣ አንዱ በጫማው፣ ዝም ያለ አፍን ያመሰገነው ደግሞ በካውያ ብረት። የፊት ጥርሱ አስፋልቱ ላይ ተረጨ። ጮክ ብለው ነበር የሚመቱት፤ ሁሉም እንዲያይላቸው፤ እጃቸው ንጹሕ መሆኑ በደም እንዲታይ። መርማሪው ሸሚዙን እያስተካከለ ቆሞ ያያል።

«ተዉት!» ወገቤ በሚደማ እጇ የአንዱን ኮሌታ ጎተተች። «ተዉት አልኩ! ይህን ጉልበት ጠዋት የት አስቀመጣችሁት? ልጁ ደረጃው ላይ ሲጮህ የት ነበር? በየቀኑ ስትስቁ ምላጩን ማን ሳለለት? ለሕግ ስጡት! ገድላችሁት ልታርፉ ነው?»

አባባ ብቻ ነበሩ ያልመቱ። የተቀደደውን ኮት እያጠፉ ተቀምጠዋል። እሳቸውም ጠዋት ዝም ብለው ነበር፤ ያውቁታል።

በማግስቱ ተሸካሚውን ፈቱት። ይቅርታ ያለው የለም። ሚስቱ ደግፋው ከጣቢያው በር ሲወጣ ወገቤ ክንዷንም መዳፏንም ታሽጋ ማዶ ቆማለች። እጅጌው እስከ ብብቱ የተከፈተችውን ሸሚዝ ለብሷል።

«እትዬ ናት ያስፈታችህ» አለችው ሚስቱ።

ሰውየው አፉን ለመክፈት ተቸገረ፤ ከንፈሩ ተሰንጥቋል። «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ቀጥሎ ምራቁን ወደ ጎን ተፋ። «ለዚያች ሙሽሪት ብዬ አይደል ይሄን ሁሉ የበላሁት!»

ወገቤ ደህና በሆነችው እጇ በጥፊ አጮለችው።

መንገዱ ላይ ያለው ሰው ቆመ። ተሸካሚው ጉንጩን ይዞ ደነዘዘ።

«በሌላውም በኩል ይገባዋል እትዬ» አለች ሚስቱ።

«አንተ አልመታኸውም፤ ለዚያ መሰከርኩልህ» አለችው ወገቤ። «ግን መንገዱን ማን እንደጠረገለት ታውቃለህ። የሙዝ ልጣጩን የወረወርከው አንተ ነህ። ባሌ ሲያይ ነበር። ስትስቅ አብሮህ ስቋል።»

ተሸካሚው መሬት መሬቱን አየ። መኪና አለፈ፤ ሚስቱ ወደ ጥግ ሳበችው። ጥቂት እንደተራመዱ እሱ ነው የቆመው።

«ዓይኑ...» አለ ሳይዞር። «ዓይኑ ተርፎለታል?»

«ሆስፒታሉ እዚያ ነው» አለች ወገቤ። «ሂድና ራስህ እየው።»